የማያፈስ ሥዕል

ናይሮቢ ስላለችው የድሆች መንደር ኪቤራ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ወጣት ብሩሽ ያነሣል፣ የዛገው ቆርቆሮ ቀለም ይለብሳል፣ መንደሩም «ተስፋው ይለመልማል»። በሠዓሊው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ይህን ተረት ደጋግመው በሚያወሩትና ለቀለም እንጂ ለቧንቧ የሚሆን ገንዘብ በማያገኙት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ጄአር የኪቤራን ሴቶች ፊትና ዐይን በትልቁ አሳትሞ 2,000 ካሬ ሜትር በሚሆን ጣሪያ ላይ አነጠፈ። ፎቶውን ከላይ ያየ ሁሉ ተደመመ። ከጣሪያው ሥር የሚተኛ ሰው ግን ያን ዐይን አያየውም። ምስሎቹ የታተሙት ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ላይ ስለነበር ለእሱ ዝናብ የሚከለክል ሸራ ነው። ማናናቄ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ የግድግዳ ሥዕል አብልጬ የማከብረው ለዚሁ ነው።

የእ.ኤ.አ. 2007ቱ ምርጫ ውዝግብ ኬንያን ሲያምስና ከ1,000 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ሶሎ ሰባት በሚል ስም የሚታወቀው ሰሎሞን ሙዩንዶ በኪቤራ ግድግዳዎች ላይ የሰላም ጥሪ ጻፈ። ሥዕል ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ፊደል ነው። አንባቢው ግን በዚያው ቅያስ የሚያልፍ ጎረቤቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ማሳይ ምቢሊ የተባለውን የኪቤራ ሠዓሊዎች ስብስብ የመሠረቱት ሁለቱ ሠዓሊዎችም እጃቸውን የፈቱት ታፔላ በመጻፍ ነው። ታፔላ ጸሐፊ ደንበኛ አለው፤ ፀጉር ቤቱ በታፔላው ካልተለየለት ባለቤቱ ሒሳቡን አይከፍለውም። «መንደር የሚያነቃቃው» ሥዕል ደንበኛው ማን ይሆን? እኔን ከጠየቃችሁ፣ የለጋሹ ዓመታዊ ሪፖርት ሽፋን።

የኪቤራ ሰው በአብዛኛው ተከራይ ነው፤ ቆርቆሮ ቤቱ የአከራዩ፣ መሬቱ የመንግሥት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ለመንገድ ሥራ ቡልዶዘር ሲገባ የብዙ ሺህ ሰው መኖሪያ ፈርሷል። ግድግዳው የራሱ ያልሆነን ሰው ግድግዳው ስላማረ ከፍ አለ ማለት ምን ማለት ነው?

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲመረቅ ስለ መስመሩ፣ ስለ ቀለም አመራረጡ የሚናገር አይገኝም፤ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ጋለሪ ውስጥ ቢሰቀል «ይህ ደካማ ነው» ለማለት የማያመነታ ሰው፣ ኪቤራ ሲደርስ አፉን ይዘጋል። አዘኔታ ይለዋል ንቀቱን።