የጋምቤላ አረንጓዴ ስፍራዎች፦ የባሮ ዳርቻ ወሰን ከግንባታው በፊት ሊካለል ይገባል

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል። ነዋሪው በእነዚህ ወራት የሚያርፈው በባሮ ወንዝ ዳርቻና በየሰፈሩ ባሉ የማንጎና የኒም ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ሰሌዳ ባይተከልባቸውም የከተማዋ ነባር መናፈሻዎች እነዚህ ናቸው።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋምቤላን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። የመንገድ መስፋት፣ የእግረኛ መሄጃና የመንገድ መብራት ለነዋሪው አስፈላጊ መሆናቸው አያከራክርም። ሆኖም አንድ ጥያቄ መልስ ይሻል፦ ለጥላ፣ ለእርሻና ለጎርፍ ማስተንፈሻ የሚያገለግለው የወንዝ ዳርቻ ወሰኑ እስከ የት ነው?

ከወንዙ ጋር ያደገች ከተማ

አኝዋሃዎች ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት ባሮ የከተማዋ መነሻ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ስምምነት፣ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተፈቅዶ ነበር። የስምምነቱ ቃል የጣቢያው ስፋት ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ከደጋው የሚወርደው ቡናም በዚሁ መስመር ይጫን ነበር። ከ120 ዓመት በፊት የወንዙ ዳር በሜትር ተለክቶ በውል የተጻፈው ዋጋው ስለታወቀ ነው።

ዳርቻው እርሻም ነው

ከደጋማ ከተሞች በተለየ፣ በጋምቤላ የወንዝ ዳር መሬት ሥራ ፈት መሬት አይደለም። ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው ደለልና እርጥበት ላይ አርሶ አደሮች በቆሎ ይዘራሉ። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን የሚያስሩት፣ ከብት የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠበውም እዚያው ነው። ዳርቻው በድንጋይ ታንጾና ታጥሮ ለመዝናኛ ብቻ ቢውል፣ ከተማዋ አንድ መናፈሻ ስታገኝ አርሶ አደሩ የበጋ ማሳውን፣ አነስተኛ ገቢ ያለው ነዋሪም ያለክፍያ የሚያርፍበትን ስፍራ ሊያጣ ይችላል። በ2012 ዓ.ም የተከፈተውን የአዲስ አበባውን አንድነት ፓርክ ለመጎብኘት የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል። ይህ አሠራር ለታሪካዊ ቅጥር ግቢ ሊስማማ ይችላል፤ ሰው ውኃ ለሚቀዳበት የወንዝ ዳር ግን አይሆንም።

የጎርፉም ጉዳይ አለ። በ2014 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ባሮ ሞልቶ በመፍሰሱ የጋምቤላ ከተማን ጨምሮ በርካታ ወረዳዎች በውኃ ተጥለቅልቀዋል። ክፍት ዳርቻ የሞላን ወንዝ ያስተነፍሳል፤ የዛፍ ሥርም አፈሩን ይዞ ዳሩ እንዳይናድ ይከላከላል። በኮንክሪት የተሸፈነ መሬት ግን ዝናቡን ስለማያሰርግ ውኃው በፍጥነት ወደ ዝቅተኛ ሰፈሮች ይወርዳል።

ከሳሩ ጥላው ይቅደም

የኢትዮጵያ የከተማ ፕላን መርህ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ስፍራ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ያዛል። ይሁንና የአረንጓዴው ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። የሳር መስክ በበጋው ወራት በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል፤ ጥላ ግን አይሰጥም። ያደገ ማንጎ፣ ሾላ ወይም ሮቃ ሥሩን ወደ ጥልቁ ስለሚሰድ በድርቁ ወቅትም ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፤ አየሩንም ያቀዘቅዛል። አስፋልትና የድንጋይ ንጣፍ በአንጻሩ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ማታ ይለቃሉ። ለመንገድ ማስፋፊያ የሚቆረጥ የ40 ዓመት ማንጎ በአንድ ችግኝ ተተካ ሊባል የማይችለውም ለዚህ ነው፤ የዚያን ያህል ጥላ ለማግኘት አንድ ትውልድ መጠበቅ ግድ ይላል።

የተከላው ጊዜም ከአካባቢው ጋር መጣጣም አለበት። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሃ ግብር ዋና ተከላውን የሚያካሂደው በሐምሌ ነው። በጋምቤላ ግን ዝናቡ ከሚያዝያ መጨረሻና ከግንቦት ጀምሮ ስለሚጥል፣ በወንዝ አቅራቢያ በሐምሌ የሚተከል ችግኝ ሥር ሳይሰድ የነሐሴ ሙላት ሊደርስበት ይችላል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ መትከል፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት በጋ ውኃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ የጽድቀት መጠኑን ያሻሽላል።

ከብሔራዊ ፓርኩ የሚገኝ ትምህርት

ወሰን ባለመካለሉ የሚደርሰውን ጉዳት ክልሉ ከዚህ በፊት አይቶታል። በ1966 ዓ.ም የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚመላለሱት የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋዎች መኖሪያም ነው። ሆኖም ወሰኑ ለረጅም ዓመታት በሕግ ሳይጸና በመቆየቱ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት ለሰፋፊ እርሻዎች መሬት ሲሰጥ የእርሻውና የዱር እንስሳቱ መሬት ተደራረበ። ከዚያ በኋላ ወሰኑን እንደገና ማካለል ለሁሉም ወገን አስቸጋሪ ሆኗል።

የባሮ ዳርቻ ተመሳሳይ ዕጣ እንዳይገጥመው ሦስት እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የዳርቻው ወሰን ወንዙ በሞላበት ልክ ተለክቶ በከተማው ፕላን ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ተቆጥረው ይመዝገቡ፤ የመንገዱ ንድፍም በተቻለ መጠን እነርሱን እንዲያልፍ ይደረግ። ሦስተኛ፣ የበጋ እርሻው፣ የታንኳ ማሰሪያውና የከብት መጠጫው ከመዝናኛው ጎን ለጎን በፕላኑ ቦታ ይሰጣቸው፤ ተጠቃሚዎቹም በውይይቱ ይሳተፉ። ልኬታውና ምዝገባው በበጋ ከተጠናቀቀ፣ ተከላው ከግንቦት ዝናብ ጋር ሊጀመር ይችላል።