ላብ በወር ክፍያ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ከኔቫዳ የታክሲ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ካዚኖ ውስጥ ካርታ ለማደል በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ ግድ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ለመጨለፍ እንኳ ሄልዝ ካርድ ይጠየቃል። የሰው ፀጉር ለመቁረጥም ፈቃድ አለ። እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት የኖረ ወገኔ ኪሱ ቢፈተሽ ከነዚህ ካርዶች አንዱ አይጠፋም። “የሰውነት አሰልጣኝ ነኝ፤ ስኳርሽን አወርዳለሁ፤ ቦርጭህን በ30 ቀን አጠፋለሁ” ለማለት ግን ኔቫዳ የምትጠይቀው የሙያ ፈቃድ የለም። አንድ ስልክ፣ አንድ ማቆሚያ፣ ጥሩ ብርሃንና ደፋር ምላስ ካለ በቂ ነው።

እኔ የምኖረው ሰዘርን ሃይላንድስ ነው። ጎልፍ ሜዳው ዳር መስሏችሁ “ጋዜጠኝነት ይህን ያህል ይከፍል ኖሯል?” እንዳትሉ፤ ኪራይ አፓርትማ ነው። ጎልፍ ሜዳውን የነደፉት ሮበርት ትሬንት ጆንስ አባትና ልጅ ናቸው። ዙሪያውን የተደረደሩት ቤቶች በራቸው ላይ ጥበቃ የቆመላቸው፣ ጓሯቸው መዋኛ ያለው፣ ዘንባባቸው በወጉ የተከረከመ ናቸው። ይህን ሰፈር በእግሬ ከማውቀው ይልቅ አሁን አሁን በስልኬ እያወቅሁት ነው። ወዳጆቼ በሚልኩልኝ ቪዲዮ ውስጥ አሰልጣኙ መዋኛው ዳር ቆሞ፣ ከኋላው የሚያብረቀርቅ መኪና አስቁሞ፣ “እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ” ይላል። ቤቱ የማን ነው? መኪናው የማን ነው? ለግማሽ ቀን የተከራየው ይሁን ከወዳጅ የተዋሰው፣ ቪዲዮው አይናገርም። አባቶቻችን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ያሉት ቪዲዮ ሳይመጣ ነው። ዛሬ የሰው ወርቅ ያደምቃል፤ ያውም በደንብ!

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ስፖርት አይደለም። ስፖርት የሚሸጥ ነገር ያለው ዕቃ አይደለም፤ ቁጭ ብድግ ማለትና በእግር መሄድ በነጻ ነው። የሚሸጡት ኑሮ ነው። መዋኛው፣ መኪናው፣ ጠዋት በአራት ሰዓት ከእንቅልፍ ተነስቶ አረንጓዴ ጭማቂ የሚጠጣው ሰውነት። ገዢው ደግሞ ለዚያ ኑሮ ጊዜም ገንዘብም የሌለው የእኔና የእናንተ ቢጤ ነው።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከተላኩልኝ አንዱ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያ የሰባት ቀን “ፈተና” በነጻ ይሰጣል። በስምንተኛው ቀን የምግብ ዝርዝሩ 49 ዶላር ይሆናል። ቀጥሎ በወር 200 ዶላር “ለብቻ ክትትል” ይመጣል፤ ክትትሉም ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት መልእክት ሆኖ ይገኛል። ዱቄቱና ቫይታሚኑ በአሰልጣኙ የቅናሽ ቁጥር ይገዛል፤ ቁጥሩ ለገዢው አሥር ፐርሰንት ሲቀንስ ለአሰልጣኙ ኮሚሽን ይቆጥራል። የመሰላሉ መጨረሻ “አንቺም አሰልጣኝ ሁኚ” የሚለው ነው። ይህን የፈለሰፉት የእኛ ልጆች አይደሉም። ቢችቦዲ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለዓመታት “አሰልጣኝ” ይላቸው የነበሩት ሰዎች ዕቃውን የሚሸጡና ሌላ ሻጭ የሚመለምሉ ነበሩ፤ ለማዕረጉ የስፖርት ትምህርት አይጠየቅም ነበር። ያን የመመልመል ሰንሰለት ኩባንያው ራሱ በ2024 መዝጋቱን አስታውቋል (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። በእኛ መሀል ግን ሰንሰለቱ የሚታሰረው በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ሲበጠስ የሚያጣላው ሻጭና ገዢን ብቻ አይደለም፤ የክርስትና እናትና ልጅን ጭምር ነው።

ቬጋስ ለጡንቻ ንግድ እንግዳ አይደለችም። ሚስተር ኦሎምፒያ የሚባለው ውድድር ከ1999 ወዲህ፣ ከ2020 እና ከ2021 በስተቀር፣ በዚሁ ከተማ ሲካሄድ ቆይቷል። እዚያ መድረክ ላይ የሚወጡት ቢያንስ ሥራቸው ጡንቻ መሆኑን አይሸሽጉም። ስለ ሌላኛው ዓይነት ልንገራችሁ። ብራያን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ራሱን “የጉበት ንጉሥ” ብሎ ሰይሞ፣ ጥሬ ጉበት እየበላና ደረቱን ገልጦ እየታየ፣ “እንደ ጥንት አባቶቻችሁ ብሉ” ሲል ሚሊዮኖች ተከተሉት፤ እሱም የጉበት እንክብል ቸበቸበላቸው። በዲሴምበር 2022 ግን ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር በራሱ አንደበት አመነ። እኔ ያን ጊዜ የሳቅሁት ለብቻዬ አልነበረም። ጥሬ ጉበት ጡንቻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ በበዓል ማግስት ከልኳንዳ ቤት ደጃፍ የሚሰለፈው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሄርኩለስ በሆነ ነበር!

የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም በፌብሩዋሪ 2022 ብሪታኒ ዶን ዴቪስን ከሰሰ። በክሱ መሠረት ሴትየዋ “ለአንቺ ብቻ የተዘጋጀ” እያለች የሸጠችው የምግብና የስፖርት ዕቅድ ለብቻ የተዘጋጀ አልነበረም፤ ከገዢዎቹም ውስጥ ምግብ አልበላ የሚል ሕመም የነበረባቸው ይገኙ ነበር። ጉዳዩ በ2023 በ400,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በፊት በማርች 2020 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቲሚ የተባለውን የሻይ ሻጭ ይዞት ነበር። ሻይው ያከሳል፣ የተዘጋ የደም ሥር ይከፍታል፣ ካንሰር ይዋጋል ተብሎ በታዋቂ ሰዎች አፍ ሲሸጥ የነበረ ነው። ኩባንያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ከአስተዋዋቂዎቹም አሥሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው።

“እንዲህ ያለ ነገር ሳይመረመር እንዴት ገበያ ይወጣል?” የሚል አይጠፋም። ከ1994 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ ቫይታሚንና “ማሟያ” የሚባሉት ዱቄቶች ከመሸጣቸው በፊት ውጤታማ መሆናቸውን ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ማስመስከር የለባቸውም። መንግሥት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የ“በፊት” እና የ“በኋላ” ፎቶግራፍማ ምኑ ይወራል! ሆድን መንፋትና መሳብ፣ መብራት ማዞር፣ ቅባት መቀባት፤ ሁለቱንም ፎቶ በአንድ ከሰዓት ማንሳት ይቻላል። ዌጎቪ የተባለው መርፌ በጁን 2021 ለክብደት መቀነሻ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጨምሯል። ሐኪም አዝዞለት መርፌውን የሚወስደውን አልነቅፍም፤ መብቱ ነው። መርፌውን ተወግቶ ዱቄቱን የሚሸጠውን ግን በአማርኛ የምንጠራበት ቃል አለን።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ ባላባከንኩ። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ የታክሲ ሾፌር ወዳጄ የስኳር ኪኒን ይወስዳል። የሚከታተለው አሰልጣኝ በቀን 18 ሰዓት መጾም ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ብሎ አዘዘው። እሱም ኪኒኑን እየዋጠ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ፣ ለ12 ሰዓት ሊነዳ ወጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሰው ጭኖ ሲሄድ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ መንገዱ ድርብ ሆኖ ታየው። ዳር ይዞ ቆመ፤ ተሳፋሪዋ በቦርሳዋ የያዘችውን ጭማቂ ሰጠችው። ማታ ለአሰልጣኙ ቢደውል የተሰጠው መልስ “ጋሼ፣ ሰውነትዎ እየጸዳ ነው፤ ይበርቱ!” የሚል ነበር። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ምግብ ሲዘለል ስኳርን ከልክ በታች እንደሚያወርዱ ማንኛዋም ነርስ ታውቃለች። ዝቅ ያለ ስኳር በአልጋ ላይም አደጋ ነው፤ በ65 ማይል ፍጥነትማ ምን ይባላል?

ደግሞ ጾምን ለእኛ ማስተማራቸው! ሁዳዴን፣ ረመዳንን፣ ረቡዕና ዓርብን ይዞ ያደገ ሕዝብ ጾምን በእንግሊዝኛ ስም በወር ክፍያ ይገዛል። በአገራችን ጾም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ እንዲበላ የሚፈቅድ ርኅራኄም አለው። ስልኩ ውስጥ ያለው ጾም ግን ምሕረት አያውቅም፤ “ሰበብ አታብዛ” ነው የሚለው።

ይህችን “ሰበብ” የምትባል ቃል ነው አጥብቄ የምጠላት። በስትሪፑ ሆቴሎች ክፍል የምታጸዳ እህታችን ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ስታነሳ፣ ጎንበስ ቀና ስትል ትውላለች። ሌሊት የሚነዳው ወንድማችን ፀሐይ ስትወጣ ይተኛል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ይነሳል። የሌሊት ፈረቃ ለስኳር በሽታ እንደሚያጋልጥ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህን ሰው የጎደለው ወኔ አይደለም፤ እንቅልፍና ጊዜ ነው። አሰልጣኙ ግን የኑሮውን ድካም የባሕርይ ጉድለት አድርጎ ይነግረዋል፤ ከዚያ ለጉድለቱ ሂሳብ ይልካል። እንዲህ አድርጎ በሽተኛን ማሳፈር ደግሞ ወደ ሐኪም እንዳይሄድ ማድረግ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የእህታችንን ወገብ በእርግጥ ያሰበላት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? በኖቬምበር 2023 የኩሊነሪ ሠራተኞች ማኅበር፣ ቁጥር 226 የሚባለው፣ ከትልልቆቹ ካዚኖዎች ጋር ባደረገው የአምስት ዓመት ስምምነት ከደመወዝ ጭማሪው ሌላ የክፍል አጽጂዎች የሥራ ጫና እንዲቀንስ አስፈርሟል። በዚያ ውል ላይ መዋኛ የለም፣ ዘንባባ የለም፤ የተነፋ ደረትም አይታይበትም። ለሠራተኛ ሰውነት ግን ከአንድ ሺህ ቪዲዮ ይበልጣል።

አሰልጣኝ የተባለውን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ መውቀጤ አይደለም። በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከጀርባው ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበሩ። ዓለም ያየው አበበን ነው፤ ኒስካነን ከመንገዱ ዳር ነበሩ። ጥሩ አሰልጣኝ ሰልጣኙን ያሳያል። የዛሬው አሰልጣኝ ራሱን ያሳያል፤ ሰልጣኙ ከፋይ ብቻ ነው። ጂም ውስጥ አጠገባችን ቆሞ ጉልበታችንን የሚያይ፣ “ይህን ኪኒን ከያዝክ መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ” የሚል አሰልጣኝ ካለ ገንዘባችሁን ስጡት፤ ይገባዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ክሬዲት ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ትምህርቱን የት ተማርክ? ምን ዓይነት መድኃኒት እንደምወስድ ለምን አልጠየቅኸኝም? ዱቄቱን ብገዛ ላንተ ስንት ይደርስሃል? ማቋረጥ ብፈልግ በየት በኩል ነው የምወጣው? እነዚህን ሲሰማ የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ደቂቃው አሥር አሥር እየተባለ ተከፋፍሎም ይቆጠራል። ለእርምጃ ጓደኛ ካለ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ እኛ ደግሞ ወሬ አናጣ። በዚህ በረሃ ግን ሰዓቱን መምረጥ ነው፤ በጁላይ 7 ቀን 2024 ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ የከተማዋን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ስለዚህ በበጋ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አለዚያም በገበያ አዳራሽ ውስጥ። የሰዘርን ሃይላንድስ መናፈሻዎች ለእግረኛ ክፍት ናቸው፤ ገብቶ ለመራመድ የማንም የቅናሽ ቁጥር አያስፈልግም።

የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት የሐኪማችሁን ቢሮ ደውላችሁ “ብጾም ምን ይሆናል?” ብላችሁ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።