መኮንኑ ወደ ገበያ ወይስ ገበያው ወደ ካምፕ?

ዘመሮ ላይ ገብስ የሚሰበስብ ነጋዴ በየዓመቱ ቁማር ይጫወታል። የበልጉ ዝናብ ይዟል? ውርጩስ? ወሬውን የሚያገኘው ከገበያተኛ ወይም ደብረ ብርሃን ካለ ደላላ በስልክ ነው። ደላላው ደግሞ ለሚገዛለት ፋብሪካ ያደላል፤ አይፈረድበትም። የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ማሳ ልምላሜ ከላይ ሆኖ የሚለካ ሳተላይት ግን ለማንም አያደላም (ደመና ካልጋረደው በቀር)። መረጃውን ለነጋዴው አምጥቶ የሚሸጥለት ማነው?

በአሜሪካ እንዲህ ያለው እውቀት ወደ ገበያ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ የመኮንን ጡረታ ነው። የአየር ኃይሉ ጄኔራል በርናርድ ሽሪቨር እ.ኤ.አ. በ1954 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመውን የሚሳይል ልማት ክፍል መሩ። ጆን ግሌን በ1962 ምድርን የዞሩት ከዚያ ክፍል በወጣው በአትላስ ተወንጭፈው ነው። ሽሪቨር ፋብሪካ አላቆሙም፤ መንግሥት ገዢ ሆኖ ቀረ፣ ሥራውን ኩባንያዎች በውል ሠሩት። በ1966 ጡረታ ሲወጡ የአማካሪ ድርጅት ከፈቱ። የሸጡት እውቀት ብቻ ነበር፣ ትውውቅ አልነበረበትም አልልም። ነገር ግን ደንበኛው ካልተስማማው መተው ይችል ነበር።

እኛ ዘንድ መንገዱ ተገለበጠ። መኮንኑ ወደ ገበያ በመውጣት ፈንታ ገበያው ወደ ካምፕ ገባ። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም የመሩት በሥራ ላይ የነበሩት ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ነበሩ። 10 የስኳር ፋብሪካዎችና የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተሰጠው። ስኳሩ ዘገየ፤ የግድቡ ውል በነሐሴ 2010 ተነጠቀ። ጉድለቱ የዩኒፎርሙ ወይም የመሐንዲሶቹ ችሎታ ነው የሚሉ አሉ። በበኩሌ አይመስለኝም። ገዢውም ሻጩም መንግሥት ሲሆን ስህተትን በጊዜ የሚያሳይ ዋጋ አይኖርም።

ይህን ያነሳሁት በሳተላይቱም ላይ እንዳይደገም ነው። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው 72 ኪሎ የምትመዝነው ሳተላይታችን 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀች፣ 6 ሚሊዮኑን ቻይና እንደሸፈነች ተዘግቧል። በዓመቱ ሁለተኛዋ ተከተለች። እንጦጦ ላይ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተተከለ፣ ወጣት መሐንዲሶች ሠለጠኑ። ጥሩ ነው። ግን የሠለጠነው ሰው የመንግሥት ደመወዙን ትቶ ቢወጣ ምን ይዞ ነው ሱቅ የሚከፍተው?

ገበያ የለም እንዳይባል፣ በ2001 ዓ.ም. ትግራይ አዲ ሃ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለገበሬ የድርቅ ዋስትና ሸጧል፤ ካሣው የሚሰላው ሳተላይት በሚሰጠው የዝናብ ግምት ነበር። ጤፍ አምራቹ ከገዛ የመንዝ ገብስ ነጋዴ የማይገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ የስፔስ ተቋሙ የምስሉን ዋጋ በታሪፍ ያውጣ፤ ለመጣ ሁሉ በእኩል ይሽጥ። ከአየር ኃይልም ሆነ ከተቋሙ የሚለቅ ባለሙያ ፈቃድ አውጥቶ ይነግድ፤ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ጨረታ ግን ለተወሰነ ዓመት ይራቅ። ባንኮቻችን በአብዛኛው ቤትና ሕንፃ ካልያዙ አያበድሩምና ኮምፒውተርና እውቀት ብቻ ላለው ሰው ገንዘቡ ከባለ አክሲዮን መምጣቱ አይቀርም። ይህን ገጽ የሚያነቡ ባለ ገንዘቦች ከሌላ ፎቅ በፊት ሒሳቡን ቢሠሩት ምን ይላቸዋል? የዘመሮው ነጋዴ ለአንድ የበልግ መረጃ 50 ብር ይከፍላል? ወይስ 200?