የወተቱ ነገር

ወደ ሠመራ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሲደርስ ቢጫ ጀሪካን የያዙ የግመል ወተት ሻጮች ያጋጥሙታል። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ወደዚያ አገር በሥራ የተመደቡ ጸሐፊ ቢሆኑ ይገዛሉን? ወይስ «ወተት መርዝ አለበት ሲባል ሰምቻለሁ» ብለው ያልፋሉ?

ወሬው የተሰማው በ2008 ዓ.ም. ነው። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ 110 የወተት ናሙና ወስደው ቢመረምሩ፣ በሁሉም አፍላቶክሲን አገኙ። ይኸውም ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ሲሆን፣ በተለይ ላሞቹ ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ እየዋለ እያደረ ጉበትን ይጎዳል፤ ቢያፈሉትም አይጠፋም። ነገሩ በጋዜጣ እንደ ወጣ ወተት ገዢ ቀነሰ፤ ጉዳቱም ስለ ሻጋታው ምንም በማያውቀው ገበሬ ላይ ወደቀ።

እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። የአውሮፓ ሕግ የሚፈቅደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚህ ያለፈው 101 ናሙና ነበር። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ግን እስከ 0.5 ይፈቅዳል፤ ከዚህ ያለፈው 29 ብቻ ነው። እንግዲህ 72ቱ ናሙና በአንዱ ሕግ ክልክል፣ በሌላው የተፈቀደ መሆኑ ነው! በበኩሌ ሕዝቡ አመኔታውን ያጣው መርዝ በመገኘቱ ብቻ አይመስለኝም፤ «ምን ያህል ነው? የሚያሰጋው ማንን ነው? ምን እናድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ በቶሎ የሚመልስለት በማጣቱም ጭምር ነው እንጂ። ሊቃውንት የሥጋት ትንተና የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ መጠኑን መለካት፣ ማን በቀን ስንት እንደሚጠጣ ማወቅ፣ ከዚያም ያለ ሽሽግ መንገር።

አሁን ወደ አዋሽ እንመለስ። በቆላ ቁጥቋጦ የምትሰማራው ግመል የፋጉሎ ቀለብተኛ አይደለችም። በዚህ ወተት የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ከብትን የሚያስወርደው፣ ሰውንም በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየው ብሩሴሎሲስ አንዱ ነው። አርብቶ አደሩ የወተት ዕቃውን በእንጨት ጢስ ያጥናል፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ጢሱ ይህን በሽታ አይገታም፤ አፈ ጠባቡን ጀሪካንማ በእጅ ፈትጎ ማጠብ እንኳ አይቻልም። ማፍላት ግን በሽታውን ፈጽሞ ያጠፋዋል። ስለ ከተማው ወተት የሰማውን ይዞ «ማፍላት ዋጋ የለውም» ያለ ሰው እንግዲህ አዋሽ ላይ ይታመማል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት በአፋርኛም በአማርኛም ማስረዳት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሻጯም ገበያዋን አታጣበትም። የፈላ የግመል ወተት ጣዕሙ ይጠፋል የሚሉ አሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ ቢሆንም አፈላዋለሁ።