ለመዝሙር ሥራ የትኛውን ስፒከር እንግዛ?

በጂማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የመዝሙር ቀረጻ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ሰነባብቷል። ድሮ አንድ ዘማሪ ካሴት ለማውጣት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ፣ ዘመድ ቤት ማደርና የስቱዲዮ ሰዓት መከራየት ነበረበት። ዛሬ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላይ አንድ ወጣት ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድና አንድ ማይክ ይዞ በመኝታ ክፍሉ መዝሙር ይሠራል። ለዚህ ጌታን እናመሰግናለን። ሥራው ቤት ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ገባ፤ ከመዘምራኖቻችን አፍም አይጠፋም። "ለሚክስ የትኛውን ስፒከር እንግዛ?"

የእኛ መልስ አንዳንዶችን ቅር ያሰኛል። ትንሹን ግዙ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለክፍሉ አውሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሲከፈት "ዋው!" የሚያሰኘውን ስፒከር እለፉት እንላለን።

ስቱዲዮ ሞኒተር የሚባለው ስፒከር ለምን እንደተሠራ ለቡና አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቤት ውስጥ ቡና ሲጠጣ ስኳር ይገባበታል፣ በገጠሩ ጨው ይነሰነስበታል፣ ጤና አዳምም ጣል ይደረግበታል። ይጣፍጣል። ነገር ግን ቡናው ሻግቶ ይሁን፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሳይገላበጥ ቀርቶ ይሁን፣ በዚያ ስኒ አይታወቅም። የቡና ቀማሽ ሥራው ሌላ ነው። ለጀበና ከሚቆላው ቀለል አድርጎ ይቆላል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8 ግራም ከሩብ ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ አዘጋጅቶ ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው ይቀምሳል። በዚያች ሰዓት የሚፈልገው ጉድለቱን ማወቅ ነው፤ መደሰቱን ለቤቱ ያቆየዋል። ሞኒተር ስፒከርም እንደዚያ ባዶ ስኒ ነው። ባሱን አያሳብጥም፣ የላይኛውን ድምፅ አያብረቀርቅም፤ የተቀዳውን እንዳለ ለማሰማት ይሞክራል።

ለቡናው እውነቱን መስማት ምን እንደጠቀመ አካባቢያችን ያውቃል። "ጂማ 5" በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ደረቅ ቡና ለብዙ ዘመን በዝቅተኛ ዋጋ ሲታወቅ ኖሯል። በአጋሮ አቅራቢያ በጎማ ወረዳ የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እሸት ቡናቸውን እያጠቡ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ ውድድር አንደኛ ተባለ። ዛፉ ያው ነው፣ አፈሩም ያው ነው። አሠራሩ ተለወጠ፤ አሠራሩ የተለወጠው ደግሞ ጉድለቱ የት እንዳለ ስለታወቀ ነው።

አሁን ወደ መዝሙሩ እንምጣ። ወጣቱ ሚክስ የሚያደርገው ለጭፈራ በተሠራ፣ ባሱ ከፋብሪካ በተነፋ ስፒከር ነው እንበል። ባሱ በዛ ብሎ ስለሚሰማው ይቀንሰዋል። ያ መዝሙር ሌላ ቤት ሲከፈት አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ይሰማል። ሌላው ደግሞ በላፕቶፑ ስፒከር ይሠራል። እርሱ ባሱን ጨርሶ ስለማይሰማ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። መዝሙሩ ከኋላ ትልቅ ስፒከር ባሰረ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ዘማሪዋ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትዘምር ይመስላል። ሁለቱም ወጣቶች ጆሯቸው ደህና ነው፣ ትጋትም አላቸው። የተሳሳተ መረጃ የሰጣቸው ዕቃው ነው።

"እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ የድምፅ ጥራት ምን ያደርጋል?" የሚሉ ወገኖች አሉ። ልብን ማየቱ እውነት ነው፤ እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ መዝሙሩን የምትሰማው እናት ልብ አታይም፤ ቃል ነው የምትሰማው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ ልሳን ሲያስተምር ምሳሌውን የወሰደው ከሙዚቃ ዕቃ ነው። ዋሽንቱና ክራሩ የድምፅ ልዩነት ካልሰጡ የተነፋውን ወይም የተመታውን ማን ያውቃል ይላል፤ መለከቱ ግልጽ ካልሆነም ለጦርነት የሚዘጋጅ አይገኝም ማለቱ ነው። መዝሙር ስብከት ነውና ቃሉ ሊሰማ ይገባል።

በእኛ ቋንቋዎች ይህ ነገር ከሌላው የባሰ ነው። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል፤ "አለ" ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን መኖሩን ያሳያል። በኦሮምኛም አናባቢው ሲረዝም ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ በፊደላችን ብንጽፋቸው "ለፈ" ምድር ነው፣ "ላፋ" ግን ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። በጂማ አብያተ ክርስቲያናት በሁለቱም ቋንቋ ይዘመራል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል ይባላል፤ ቃልን ከቃል ለመለየት የሚረዳው ተነባቢ ግን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ "ስ" እና "ጽ" እንዲያውም ከ5,000 በላይ ይወጣሉ። ስፒከሩ ይህን ክፍል ደብቆ ወይም አጋንኖ ካሰማን፣ ቃሉ ይጥፋ ወይም ጆሮ ይውጋ አናውቅም።

በ1ኛ ነገሥት 22 ንጉሥ አክዓብ አራት መቶ የሚሆኑ ነቢያት ነበሩት፤ ሁሉም የሚወደውን ነገሩት። የይምላ ልጅ ሚክያስን ግን መልካም ስለማይናገርለት ይጠላው ነበር። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው የሚያብረቀርቁት ብዙዎቹ ስፒከሮች ከአራት መቶዎቹ ወገን ናቸው ብንል አናጋንንም። ሞኒተሩ ሚክያስ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ሲከፈት የገዛው ሰው ቅር ይለዋል። "ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ብር የከፈልኩት?" ይላል።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የያማሃ ኤንኤስ 10 ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለሳሎን ተብሎ ወጣ፤ ለሳሎን ግን ብዙም አልተወደደም። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ግን ነጭ ሆዱን የሚታየውን ያንን ስፒከር አንሥተው ማደባለቂያቸው ላይ አስቀመጡት፤ እዚያ ላይ ደህና የተሰማ ሥራ የትም ደህና ይሰማል ብለው። ማምረቱ በ2001 እስኪቆም ድረስ በዓለም ዙሪያ በየስቱዲዮው ይታይ ነበር።

ከዛሬዎቹ መካከል ኤችኤስ 5 የተባለው ያማሃ፣ 305 የተባለው ጄቢኤልና ቢጫ ሆድ ያለው ኬአርኬ ሮኪት 5 በብዛት ይጠቀሳሉ። ሦስቱም ባለ 5 ኢንች ናቸው፣ አምፕሊፋየራቸውም ውስጣቸው ነው። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ ብንባል ያማሃውን እንመርጣለን፤ ባሱ እስከ 54 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው የሚወርደው፣ የዘማሪውን ድምፅ ግን ያለ ይሉኝታ ያሳያል። ለዚያ አቅም የሌለው እንደ ፕሪሶነስ ኤሪስ 3.5 ያሉትን ቢይዝ አያፍርም፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን እንደማያሰማ ካወቀ ይበቃል። "ከገዛን አይቀር ባለ 8 ኢንቹን" የሚለውን ግን አንደግፍም፤ ምክንያቱም ክፍሉ አይችለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሦስት ሜትርና በአራት ሜትር ክፍል ውስጥ ትይዩ ግድግዳዎቹ በ57 እና በ43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያስተጋባሉ። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41፣ ቀጣዩ 55 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ባሲስቱ ያልመታውን ኃይል ክፍሉ ራሱ ይጨምርለታል ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ስንቀመጥ ደግሞ ያው ኖታ ይጠፋል። ትልቅ ስፒከር ይህን ችግር ያብሰዋል እንጂ አይፈታውም። ስፒከሩን ጥግ ውስጥ መወሸቅም እንደዚሁ ነው፤ ባሱ ያብጣል። ሁለቱ ስፒከሮችና የሠራተኛው ጭንቅላት እኩል ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ በጆሮ ቁመት ትሁን፤ ከኋላ ግድግዳ የተቻለውን ያህል ይራቅ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው።

ከዚያ ጥጡን፣ አሮጌ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱን ፈልጉ። ጆንያ በቡና አገር አይታጣም። ጥጥ ወይም ጨርቅ ጠቅጥቀው በወፍራሙ የሞሉትን ጆንያ በክፍሉ ጥጎች ቢያቆሙና በግራና በቀኝ ግድግዳ ቢሰቅሉ፣ ብዙ ብር ከወጣበት ስፒከር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ይቅር፤ ለባሱ ምንም አይሠራም፣ እሳትም ይወዳል።

ዝናቡስ? ጂማ ዝናብ ይወዳታል፣ ጣሪያችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ሞኒተር ከፍቶ ሚክስ ማድረግ የማይሞከርባቸው ቀኖች አሉ። ስለዚህ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ቅንጦት አይደለም። የሶኒ 7506 ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው፤ ብዙ ባለሙያ ይታመንበታል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ለሚበቃው ወንድም ወይም እኅት መጀመሪያ ማዳመጫውን ይግዛ እንላለን። ማዳመጫ ክፍሉን ከጨዋታ ያወጣዋል። ከዚያ በደንብ የምታውቁትንና በጥሩ ሁኔታ የተሠራ አንድ መዝሙር ከራሳችሁ ሥራ ጋር በእኩል ድምፅ እያፈራረቃችሁ ስሙ። በመጨረሻም በስልክ፣ በባጃጅ፣ በጸሎት ቤቱ ሞንታርቦ አዳምጡት። (ጂማ ሙላቱ አስታጥቄን እ.ኤ.አ. በ1943 ያስገኘች ከተማ ናትና ጆሮ አይጠፋባትም።)

ስለ ገንዘብ በግልጽ እንነጋገር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለአንድ ወጣት አልቀመስ ብሏል። አንዳንዱ የቤቱን የቡና ገቢ ገና ሳይለቀም ተበድሮበት ዕቃ ይገዛል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በቤቱ ዕዳ አስገብቶ የሚዘመር ምስጋና ለእናትና ለአባት ሸክም ነው፤ ስፒከሩም ሳይታወቅ ጣዖት ይሆናል፤ "ያ ዕቃ ከሌለኝ አገልግሎት የለም" ማለት የጀመረ ሰው ጥቂት ቆም ይበል። በሌላ በኩል ግን ለአዳራሹ ግዙፍ ሞንታርቦ በየጊዜው የምትገዛ ቤተ ክርስቲያን ለመዘምራኑ አንድ ጥንድ ሞኒተር ለምን አታስብም? በ1ኛ ዜና መዋዕል 15 ከናንያ የዜማ መሪ የሆነው አዋቂ ስለ ነበረ እንደሆነ ተጽፏል። እውቀት ደግሞ መማሪያ ይፈልጋል። ቡናው ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት በታኅሣሥና በጥር ሽማግሌዎች ቢያስቡበት፣ የሦስት አራት አጥቢያ መዘምራን በአንድ ክፍል በተራ ሊሠሩበት ይችላሉ። ክፍሉ የማንም ግል ባይሆን ደግሞ ይሻላል።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክ አንድ ነገር ይታይ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። አንዳንዱ ስፒከር ከኋላው መቀየሪያ አለው፤ አንዳንዱ ግን ለ110 ብቻ የተሠራ ነው፤ እንደመጣ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት ለመቋቋም ስታብላይዘር ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ጎረቤትም አለ። ጂማ ላይ ግድግዳ የምንጋራው አብዛኛውን ጊዜ ከሙስሊም ወይም ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ጋር ነው፤ ልጆቻቸው ያጠናሉ፣ ሕመምተኛም ይኖራቸዋል። ሞኒተር በአንድ ሜትር ርቀት ቀስ ተብሎ እንዲሰማ የተሠራ ስለሆነ መጮኹ አያስፈልግም። ሰው በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ በሚሰማበት ልክ ከተሠራ ሚክሱም ይሻላል፣ ጆሮም ይተርፋል፤ በ85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት መቆየት ለጆሮ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለመሥራት የሚፈልግ ደግሞ ማዳመጫውን ያድርግ።