«ጧ!» የምትለው ፔዳል

የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ከእግሩ ሥር የሚያኖራት ትንሽ ሣጥን ፔዳል ትባላለች። የጊታሩን ድምፅ ታሻክራለች፣ ታስተጋባለች፣ ወይም ታርገበግባለች። እ.ኤ.አ. በ1962 «ማኤስትሮ ፈዝ-ቶን» የተባለችው በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበች ወዲህ ዓይነቷ እጅግ በዝቷል። ዳሩ ግን አንዳንዷ ፔዳል ማብሪያዋ በእግር ሲረገጥ ከሙዚቃው ቀድማ «ጧ!» ትላለች። ለስለስ ባለ ዜማ መካከል ከሆነማ የተጫዋቹን ልፋት በአንድ አፍታ ታበላሽበታለች።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በማብሪያው ላይ ያላክካል። ካጠራቀማት ገንዘብ ከፍሎ አዲስ ማብሪያ ያስገባል፤ ማታ መድረክ ላይ ሲረግጠው ያው «ጧ!» ይላል። ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ምክንያቱን እንመርምር። «ትሩ ባይፓስ» የምትባለው የፔዳል ዓይነት ስትጠፋ የጊታሩን ድምፅ በውስጧ ሳታሳልፍ በቀጥታ ወደ ማጉያው ትለቀዋለች። ይህ መልካም ጠባይዋ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የውስጧ ሥራ ከጊታሩም ከማጉያውም ተቆርጦ ብቻውን ይቀራል፤ የ9 ቮልት ባትሪዋ ግን መሥራቱን አላቆመም። በመግቢያዋና በመውጫዋ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ተግባሩም የሙዚቃውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ማገድ ነው። ይሁን እንጂ ፈጽሞ የማያሾልክ ካፓሲተር የለም። የሾለከውም መውረጃ አጥቶ ይጠራቀማል። የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በየቀኑ መዝገብ እየገባ የሚወጣ ከሌለ ክምሩ አንድ ቀን ይናዳል። ማብሪያው ሲረገጥም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይፈሳል፤ ማጉያው አጉልቶ «ጧ!» ያሰኘዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። 1 ሜጋ ኦም የሆነች ሬዚስተር ከመግቢያው ወደ መሬት መስመሩ፣ እንዲሁም አንዲት ሌላ ከመውጫው ወደዚያው ይበየዳሉ። የሾለከው ኤሌክትሪክ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ በእነርሱ በኩል ይወርዳል። መጠናቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ሙዚቃውን አይሻሙም፤ ዋጋቸውም ከማብሪያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ከመበየድ በፊት ግን መፈተን ይገባል። ማብሪያውን ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ እርገጡት። ድምፁ እየደከመ ሄዶ፣ ጥቂት ጊዜ ቆይታችሁ ስትረግጡት ከተመለሰ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው። ሁልጊዜ በእኩል ኃይል የሚጮኽ ከሆነ አመልካቿን መብራት ተጠራጠሩ፤ ስትበራ ከባትሪው በድንገት ትስባለችና፣ ከእርሷ ጋር በተርታ ያለውን ሬዚስተር ከፍ ማድረግ ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀረ ብቻ ማብሪያው ይወቀስ፤ የብረት መነካካት ጥቂት ድምፅ አያጣምና። የሚከፈተው ግን ፔዳሏ እንጂ ማጉያው አይደለም፤ በማጉያው ውስጥ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እንደወጡት የቦስ ፔዳሎች ያሉቱ በትራንዚስተር ስለሚቀያየሩ «ጧ!» ማለትን ያስቀራሉ፤ ሲጠፉም ግን ድምፁ በውስጣቸው ያልፋል። እያንዳንዱ ዘዴ የራሱ ዋጋ አለው። ወጣት ተጫዋች ሆይ፣ የሚጮኸው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለምና ኪስህን ከመዳሰስህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ።