ደረሰኙ ለሰጪው ነው፤ ደብተሩስ ለማን ነው?



እንደሚታወቀው መስከረም በመጣ ቁጥር በጨለለቂ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚቸግራቸውን ልጆች ስም ይዘን በየቤቱና በየሱቁ እንዞራለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየሱቁ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። «የምትሰጡን ደረሰኝ ከግብር ያስቀንስልናል ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ነጋዴ ሒሳብ ሠርቶ ነው የሚያድረው። ግን «ካላስቀነሰ አንሰጥም» እስከማለት የደረሱም ስላሉ፣ ይህ ነገር ለድሃው ተማሪ ምን ይጠቅመዋል በሚለው ላይ ሐሳባችንን ልንገልጽ ወድደናል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 አንድ ነጋዴ የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀነስለት ፈቅዷል። ይህም የሚሆነው ስጦታው ለተመዘገበ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር ከሆነ፣ ወይም መንግሥት ለልማትና ለአደጋ ጥሪ ሲያደርግ የተሰጠ ከሆነ ነው። መጠኑም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለክልል ግብር የሚከፍል ነጋዴ የራሱን ግብር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይረዳ።

እንግዲህ ቅናሹ የማይደርሰው ለማን ነው? ለብዙው ሰው ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው ግብራቸው ከደመወዛቸው ላይ ተቆርጦ ነው የሚደርሳቸው፤ ለድሃ ልጅ ደብተር ቢገዙ አንድ ሳንቲም አይመለስላቸውም። የሒሳብ መዝገብ የማይዝና በሽያጩ መጠን ግብር የሚጣልበት አነስተኛ ነጋዴም ያው ነው። የጉልት ሻጯ እናት፣ ከትምህርት በኋላ ጫማ የሚጠርገው ተማሪ ራሱ ለሰፈር መዋጮ አምስት ብር ቢያወጡ የሚቀነስላቸው ግብር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቅናሹ ብዙ ትርፍ ላለውና መዝገብ ለሚይዘው ነው የሚያደላው።

የእኛም ደረሰኝ አያገለግልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን አይመለከትም፤ እንደኛ ያለ የሰፈር መረዳጃም በበጎ አድራጎት ድርጅትነት አልተመዘገበም። መንግሥት ጥሪ አድርጎ የትምህርት ቤት ግንብ ሲሠራ ለግንቡ የሰጠ ሰው ይቀነስለታል፤ በግንቡ ውስጥ ለሚቀመጠው ልጅ ጫማ የገዛ ግን አይቀነስለትም ማለት ነው።

ታዲያ ቅናሹ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ድርጅት 100,000 ብር ለተመዘገበ ድርጅት ቢሰጥ ግብሩ በ30,000 ብር ይቀንስለታል። ከኪሱ የወጣው 70,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 30,000 ብር ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ የነበረ፣ ለመምህርና ለመጽሐፍ፣ ለጤና ጣቢያና ለመንገድ ይውል የነበረ ገንዘብ ነው። የሕዝብ ነው እንጂ የማንም የግል አይደለም፤ የዚያ ድሃ ልጅም ድርሻ አለበት። ስለዚህ ልጁ የሚጠቀመው ቅናሹ ሰጪውን ከበፊቱ አብልጦ እንዲሰጥ ሲያደርገው ብቻ ነው። ዱሮም 100,000 ይሰጥ የነበረ ሰው ዛሬም ያንኑ ሰጥቶ 30,000ውን ወደ ኪሱ ከመለሰ፣ ለተማሪው አንዲት እስክርቢቶ አልተጨመረችለትም።

የሌላ አገር ሥራ ማየትም ይጠቅማል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ቅናሽ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ አለ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ከአሥሩ ግብር ከፋይ ዘጠኙ ያህል ወጪውን በዝርዝር ስለማያስመዘግብ በዚህ ቅናሽ ሲጠቀም የኖረው በአብዛኛው ባለ ከፍተኛ ገቢው ነው። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሌላ መንገድ አለ። ግብር ከፋይ የሆነ ሰው አንድ ፓውንድ ሲሰጥ መንግሥት 25 ሳንቲም ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ይጨምርለታል። ጭማሪው ወደ ሰጪው ኪስ ሳይሆን ወደ ተረጂው መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ለድሃ ተማሪ የሚበጀው ይኸኛው ይመስለናል።

ሕግ እስኪለወጥ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ሐሳባችን ይህ ነው። አንደኛ፣ ደረሰኝ የሚፈልግ ነጋዴ ተማሪ ለሚረዳ የተመዘገበ ድርጅት ይስጥ፤ ስጦታው ለዚህ ሰፈር ልጆች እንዲውል ከድርጅቱ ጋር መነጋገሩን እኛ እንረዳዋለን። ሁለተኛ፣ ከግብር የተረፈለትን መልሶ በስጦታው ላይ ይጨምር። ከ100,000 ላይ 30,000 የተረፈለት ሰው ያንን ቢጨምር ከኪሱ የወጣው ያው መጀመሪያ ያሰበው 100,000 ነው፤ ለልጆቹ ግን 130,000 ደረሰ። የጨመረውም በሕጉ መጠን ውስጥ ከሆነ እንደገና ይቀነስለታል። ሦስተኛ፣ የማኅበሩ የደብተር መዋጮ ደረሰኝ አስቀነሰም አላስቀነሰም ይቀጥል። ልጅ መስከረም ላይ ያጣውን ደብተር ሰኔ ላይ ቢያገኘው ምን ያደርግለታል?

በእኛ አገር ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የመረዳዳት ወግ የኖረው የግብር ቅናሽ ሳይታሰብ ነው። ከብት ያለቀበትን ወገን ጎረቤት ላም እየሰጠ ሲያቋቁም ማንም ደረሰኝ አልጠየቀም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሕግ ለሰጪው የሚያቀልለትን እንቀበላለን፤ የቀለለለት ሰው ግን ሸክሙ የከበደበትን ልጅ ይወቅልን።

ተቃራኒ ሐሳብ ያለው አባል ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባ፤ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ